ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውስ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ አጠገብ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀና ቅርንጫፍ አለው። እዚያው ወረታ፣ አጎቴ ቤት፣ አንድ የጥምቀት ሰሞን ሰንብቼ ነበር። የፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ፣ ውኃው ሸሽቶ፣ ከብቱ በባዶው ማሳ ላይ የተለቀቀበት ጊዜ ነው። ማታ ማታ የአጎቴ የልጅ ልጅ ከጓደኞቹ የተዋሰውን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ እየሰካ ፊልም ያሳየናል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከነዚያ ፊልሞች አንዱ ነው።

ፊልሙ «ሂቲንግ ዘ ኤፔክስ» ይባላል። ማርክ ኒል ያዘጋጀው፣ በ2015 ለዕይታ የበቃ ዘጋቢ ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ተራኪው የሆሊውዱ ተዋናይ ብራድ ፒት ነው። ርእሱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል «የኩርባውን እምብርት መንካት» የምለው ይመስለኛል። ተወዳዳሪው ሞተረኛ ወደ ኩርባ ሲገባ ከውጭ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ጉልበቱ አስፋልቱን እስኪነካ ድረስ ያጋድላል። በዚህ መሐል ወደ ውስጠኛው ጠርዝ እጅግ የሚጠጋበት አንድ ነጥብ አለ። ያን ነጥብ ቀድሞ የያዘ ኩርባውን ያዘ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነጥብ ላይ ሊገኝ አይችልም። የፊልሙ ታሪክ በሙሉ የሚፈልቀው ከዚህ ችግር ነው።

ባለታሪኮቹ ስድስት ናቸው፦ ጣሊያናውያኑ ቫለንቲኖ ሮሲና ማርኮ ሲሞንቼሊ፣ ስፔናውያኑ ሆርሄ ሎሬንሶ፣ ዳኒ ፔድሮሳና ማርክ ማርኬዝ፣ እንዲሁም አውስትራሊያዊው ኬሲ ስቶነር። ፊልሙ እጅግ የሚሳካለት የእነዚህን ሰዎች ፉክክር ሲያሳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ላጉና ሴካ በሚባለው ሜዳ፣ ቁልቁል እየተጠማዘዘ በሚወርደው ዝነኛ ኩርባ ላይ፣ ሮሲ ከአስፋልቱ ወጥቶ አፈር እየረገጠ ስቶነርን ቀደመው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ኩርባ፣ ያንኑ ዘዴ ማርኬዝ በሮሲ ላይ ደገመው። በዚያው በ2013 ዓ.ም. በስፔኑ የሄሬዝ ሜዳ የመጨረሻው ኩርባ በሎሬንሶ ስም ተሰየመ። ውድድሩ በተካሄደበት እሑድ ያው ኩርባ ላይ ማርኬዝ ከጎኑ ገብቶ ሎሬንሶን ገፋውና ሁለተኛነቱን ነጠቀው። ስምህ በተጻፈበት ደጃፍ መገፋት ምን እንደሚመስል መገመት ነው! ያን ዓመት ማርኬዝ በ20 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሌላው የፉክክር መልክ ፋብሪካ መቀየር ነው። በአገራችን «ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው» ይባላል፤ አለሁ የሚል ይምጣና ይታይ ለማለት ነው። የሞተረኞች ዓለም ይህን አባባል ቃል በቃል ይኖረዋል። ሮሲ ሦስት ዓመት በተከታታይ በሆንዳ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ «ያሸነፈው ሞተሩ ነው» የሚሉ በዙ። እሱም በ2004 ዓ.ም. ሆንዳን ትቶ ከ1992 ወዲህ ሻምፒዮንነት ወዳላየው ወደ ያማሃ ተሻገረ። የመጀመሪያው ውድድር በእኛው አህጉር፣ በደቡብ አፍሪካ ቬልኮም ላይ ነበር። በሆንዳ የሚጋልበውን ማክስ ቢያጂን በአንድ ሰከንድ ሩብ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ቀድሞ ገባ፤ ዓመቱንም አሸነፈ። ክርክሩ ያበቃ መስሎ ነበር። ሆኖም ይኸው ሰው በ2011 ወደ ዱካቲ ሲሄድ፣ ስቶነር በ2007 ሻምፒዮን ወደሆነበት ፋብሪካ ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ተመለሰ። ስለዚህ ፈረሰኛው ነው ወይስ ፈረሱ? ፊልሙ ይህን ጥያቄ አንሥቶ ሳይፈታ መተዉ ተገቢ ነው፤ መልሱ በየዓመቱ ይለዋወጣልና። ፊልሙ ካበቃ በኋላም ማርኬዝ በ2020 ቀኝ ክንዱን ሰብሮ አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2023 መጨረሻ ላይ ከሆንዳ ጋር የነበረው ውል ሳያልቅ ወጥቶ ግሬሲኒ ወደሚባለው አነስተኛ የዱካቲ ቡድን ገባ፤ በ2025 ደግሞ በዋናው የዱካቲ ቡድን እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

ግሬሲኒን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማርኮ ሲሞንቼሊ በሞተበት ቀን ይጋልብ የነበረው ለዚሁ ቡድን ነው።

አጎቴ ከስድስቱ ሲሞንቼሊን ወደውት ነበር። ጎፈሬው ነው የማረካቸው፤ ሄልሜቱን ባወለቀ ቁጥር «ይህስ የእኛ ሰው ነው» ይላሉ። ልጁ ግን በጓደኞቹ ዘንድ አደገኛ ጋላቢ እየተባለ ይወቀስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከፔድሮሳ ጋር ተጋጭቶ ፔድሮሳ የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ ሲሞንቼሊም ተቀጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 23 ቀን ማሌዢያ ውስጥ በሴፓንግ ሜዳ፣ በሁለተኛው ዙር፣ ሞተሩ ከሥሩ ከዳው። እንዲህ ያለው አወዳደቅ ብዙውን ጊዜ ሰውንም ሞተሩንም ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሰውየውም አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ያን ቀን ግን ጎማው መልሶ መሬት ቆነጠጠና ሞተሩ ሲሞንቼሊን እንደያዘ ወደ ውስጥ ታጥፎ መንገዱን አቋረጠ። ከኋላ የሚመጡት ኮሊን ኤድዋርድስና ሮሲ ነበሩ፤ ለማምለጥ ጊዜ አላገኙም። ሲሞንቼሊ 24 ዓመቱ ነበር። ሮሲ ደግሞ የቅርብ ወዳጁ ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። በመሐል አጎቴ፦

«ምነው አልለቀቀውም?» አሉ።

«ማንን አባባ?» አለ የልጅ ልጃቸው።

«ፈረሱን ነዋ!»

«ላድነው ብሎ እኮ ነው አባባ። ጎበዝ ስለሆነ ነው ያልለቀቀው።»

አጎቴ መልስ አልሰጡም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ከጓዳ አንድ አሮጌ እርካብ አምጥተው እፊታችን አስቀመጡ።

አጎቴ በጉልምስናቸው የጉግስ ፈረሰኛ ነበሩ። ጉግስ የማያውቅ የከተማ አንባቢ ካለ፣ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። እዚህም ፉክክር አለ፤ የሰፈርና የወገን ኩራት፣ የፈረስ ስም፣ ለዓመት የሚቀመጥ ቂም ሁሉ አለ። ዘንጉ ግን ብረት የለውም። እርካቡም እንደ ፈረንጅ እርካብ ሙሉ እግር አያስገባም፤ የእግር አውራ ጣት የሚቆነጥጥ ጠባብ ቀለበት ነው። «ለምን?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የወደቀን ሰው ፈረስ እንዳይጎትተው» አሉን። ለወግ የተሠራ ይመስለኝ የነበረው ብረት ለካ ስለ ውድቀት አስቀድሞ የታሰበበት ነገር ኖሯል። ጉግስ የዋህ ጨዋታ ነው እያልኩ አይደለም፤ የአጎቴ ግራ ትከሻ ዛሬም የተጣመመ ነው፤ በዘንግ ዓይኑ የጠፋ ሰውም ያውቃሉ። ነገር ግን ጨዋታውን ያበጁት ሰዎች የፈረሰኛውን ጀግንነት ብቻ አላሰቡም። እንደሚወድቅም አስበዋል።

በእኔ አስተያየት ፊልሙ የሚጎድለው ይህ ነው። ስለ ፈረሱ ይነግረናል፤ ስለ ፈረሰኛው ይነግረናል። ስለ ሜዳው ግን የሚለው ጥቂት ነው። ሞትን በክብርና በእንባ ይሸኝና ወደሚቀጥለው ውድድር ያልፋል። የሜዳው ታሪክ ግን ከፉክክሩ ታሪክ ያነሰ ድራማ የለውም።

በአይሪሽ ባሕር ላይ ባለችው የማን ደሴት የሚካሄደውን ውድድር እናንሣ። አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ያህል ማለት ነው። የሚጋለበውም በድንጋይ አጥርና በመኖሪያ ቤቶች መሐል ነው። በ1972 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብ ሲጋልብ እዚያ ሞተ። ወዳጁ ጃኮሞ አጎስቲኒ በዘመኑ የሚስተካከለው የሌለ ሻምፒዮን ነበር፤ በዚያች ደሴት አሥር ጊዜ አሸንፏል። ከእንግዲህ እዚህ አልጋልብም አለ። ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 በኋላ ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። ፊልም ሠሪ ብሆን ኖሮ ከማንኛውም ኩርባ አስቀድሜ የምቀርጸው ያን «አልጋልብም» ያለበትን ቀን ነበር። ፈሪ የማይባል ሰው እምቢ ሲል ሜዳው ይለወጣል።

ወይም የጣሊያኑን ሚዛኖን እንውሰድ። በ1993 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዌይን ሬይኒ፣ የሦስት ጊዜ ሻምፒዮን፣ ውድድሩንም ዓመቱንም እየመራ ሳለ እዚያ ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ፤ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። ሻምፒዮንነቱን የወሰደው የዕድሜ ልክ ተፎካካሪው ኬቪን ሽዋንትዝ ነበር። እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድር አቆመ። ታላቁ ውድድር ወደ ሚዛኖ የተመለሰው በ2007 ነው፤ ያኔም የሚጋለብበት አቅጣጫ ተገልብጦ ነበር። በ2010 ደግሞ ወጣቱ ጃፓናዊ ሾያ ቶሚዛዋ እዚያው ሞተ። ዛሬ ያ ሜዳ የማርኮ ሲሞንቼሊን ስም ይዟል። አንድ ሜዳ የሦስት ሰው ታሪክ ተሸክሟል፤ ትረካ ፈላጊ ከዚህ በላይ ምን ይሻል?

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በ2003 ዳይጂሮ ካቶ በጃፓኑ ሱዙካ ከግንብ ጋር ተላትሞ ሞተ፤ ታላቁ ውድድር ወደዚያ ሜዳ አልተመለሰም። በ2016 ሉዊስ ሳሎም ባርሴሎና ላይ በልምምድ ሲሞት፣ የሜዳው ቅርጽ በዚያው ቅዳሜና እሑድ ተለወጠ። ከ2018 ጀምሮ በአየር የሚነፋ መከላከያ በልብሱ ውስጥ ያልለበሰ አይወዳደርም። እያንዳንዱ ደንብ ከበስተጀርባው የአንድ ሰው ስም አለው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣብኝ ይችላል፤ ትክክልም ነው። ሴፓንግ ሰፊና ዘመናዊ ሜዳ ነው፤ ሲሞንቼሊን የገደለው ግንብ ወይም የድንጋይ አጥር አይደለም፤ ከኋላው የመጡት ሞተሮች ናቸው። ቶሚዛዋም፣ በ2021 ሙጄሎ ላይ የሞተው ወጣቱ ጄሰን ዱፓስኪዬም እንዲሁ ነው የሞቱት። ሜዳ ቢሰፋ ሁሉም ይድናል ብዬ ስለዚህ አልከራከርም። የማይቀር አደጋ አለ። ነገር ግን የማይቀረውን ከሚቀረው ለይቶ ማሳየት የአንድ ቁም ነገረኛ ፊልም ሥራ ነው። ሁሉንም «ዕጣ ፈንታ» በሚል አንድ ከረጢት ከከተትነው ግንቡም፣ ዝናቡም፣ ያልታሰበበት ኩርባም ከተጠያቂነት ያመልጣሉ። የምንሸኘው ሬሳ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ለፊልም ሐያሲ ብቻ የሚተው አለመሆኑን የተረዳሁት በመንገድ ነው። የአጎቴ የልጅ ልጅ በሞተር ሳይክል ሰው እያመላለሰ ይተዳደራል። አንድ ቀን ከኋላው ተቀምጬ ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ሄድን። ሄልሜቱ ክርኑ ላይ ተንጠልጥሏል። የጉማራን ድልድይ አልፈን ኩርባ በመጣ ቁጥር ትከሻው ሲያጋድል ይሰማኛል፤ እምብርቱን እየፈለገ ነው። የዚያ መንገድ ኩርባ እምብርት ላይ ግን በሬ ሊቆም ይችላል፤ ጭድ የጫነ ጋሪ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን፣ ተሳፋሪ የምታወርድ ባጃጅ ሊኖር ይችላል። ከአስፋልቱ ቢወጣ የሚቀበለው ቦይ ነው። ፊልሙን በዚህ አልወቅሰውም፤ ለፎገራ ልጆች ተብሎ አልተሠራም። ይሁን እንጂ ለማንም የተሠራ ፊልም ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ኩርባውን አሳይቶ ሜዳውን ያልነገረው ተመልካች ደግሞ ኩርባውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ፊልሙ ይታይ እላለሁ። ስለ ፉክክር ከተሠሩት ፊልሞች መሐል በውበት የሚደርሱበትን ብዙ አላየሁም። ሎሬንሶ በ2013 ሆላንድ ውስጥ ሐሙስ ዕለት ትከሻውን ሰብሮ፣ ባርሴሎና በረሮ ተጠግኖ፣ ቅዳሜ አምስተኛ የወጣበትን ታሪክ አይቶ የማይደነቅ የለም። ከተደነቁ በኋላ ግን እንደ አጎቴ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ እንዲጋልብ ማን ፈቀደለት? ምነው አልለቀቀውም? ቢለቀውስ የሚወድቅበት ሜዳ ምን ዓይነት ነበር?

ከወረታ በተነሣሁበት ጠዋት ልጁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ አውራ ጣቱን በእርካቡ ቀለበት ውስጥ ሊያስገባ ይታገል ነበር። ሽፍን ጫማ የለመደ እግር ነውና አልገባለት አለ። አጎቴ ከበራፉ ቆመው ያዩታል።

«ግድ የለም፣ ቀስ በል» አሉት፤ «አገባቡን ብቻ አይደለም፣ አወጣጡንም ልመደው።»