ድምፅ ሥዕልን ሲቀድም

በ1992 እ.ኤ.አ. የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ያወጣው «አላዲን» የተባለው አስቂኝ የካርቱን ፊልም ለእኛ ለድምፅ ተዋንያን ምን አወረሰን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው የሮቢን ዊልያምስን ዝና ነው፤ እኔን ግን ከዝናው ይልቅ የሥራው ሥርዐት ያስደንቀኛል። ጂኒ ለተባለው ገጸ ባሕርይ ድምፅ የሰጠው ዊልያምስ የተጻፈለትን ካነበበ በኋላ ከልቡናው እያመነጨ፣ ልሳኑን እየለዋወጠ ሲናገር፣ ሠዓሊው ኤሪክ ጎልድበርግ ከዚያ ሁሉ ድምፅ የተመረጠውን ተከትሎ የጂኒውን ገጽና እጅ ይሥል ነበር።

በእኔ እይታ ከዚያ ወዲህ ብዙ የፊልም ኩባንያዎች ይበልጥ የተሻሙት ሥርዐቱን ሳይሆን የዝነኛን ተዋናይ ስም ነው። ዊልያምስ ድምፁ ለሸቀጥ ማሻሻጫ እንዳይውል አስቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ ቃሉ አልተጠበቀም ብሎ በማዘኑም በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ተከታይ ፊልም ጂኒው በሌላ ተዋናይ ድምፅ ተናገረ። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሽሬክ» ግን ማይክ ማየርስ አብዛኛውን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ለገጸ ባሕርዩ የሚስማማው የስኮትላንድ አነጋገር ነው ብሎ እንደገና ቀረጸው፤ ዝነኛ ሰው ለሥራው እንዲህ ሲገዛ ማየት ደስ ያሰኛል።

እኛ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል፣ ዝናቡ ከእንጦጦ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሥራ እያቋረጥን፣ ለውጭ ፊልም የአማርኛ ድምፅ ስንሰጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥዕሉ አስቀድሞ ተፈጽሟልና ድምፃችን ለባዕድ ከንፈር ይገዛል፤ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግሥ የሚታሰር በመሆኑም ሣቁን የሚያመጣው ቃል ሳይደርስ የገጸ ባሕርዩ አፍ ይዘጋል። ይህን ችግር ፍጥነት አይፈታውም፤ የሚፈታው ዐረፍተ ነገሩን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው።

በአገራችን ድምፅን ያከበሩትን ሳስብ፣ በቴአትር ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት፣ ኋላም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ይቀድሙብኛል፤ መላው አገር የሚያውቃቸው ሰው ሳሉ፣ የተረቱ እንስሳ ሲናገር እርሳቸው ይሰወሩ ነበር። ብሩክታዊት ጥጋቡም በ2005 እ.ኤ.አ. በተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀጭኔዪቱን ፀሐይን በገዛ ድምፅዋ ስታናግር የማንንም ዝና አልተበደረችም።

ስለዚህ ለወጣት ደቀ መዛሙርቴ የምነግራቸው፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ተማሪ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ከመምህሩ አፍ በጆሮው እንደሚቀበል፣ እነርሱም ሌሊት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚጮኸውን ጅብ አዳምጠው የተረቱን ጅብ እንዲናገሩ ነው። አንድ ረጅም የአማርኛ የካርቱን ፊልም ለመሥራት የሚነሣ አዘጋጅም ለታዋቂ ተዋናይ ስም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ሠዓሊውን ወደ መቅረጫው ክፍል አስገብቶ፣ ንድፉ ሳይጀመር ድምፁን ያሰማው።