«ሲባዛ ደምር» ብቻውን አያዋጣም

«መሠረቱ አንድ ከሆነ፣ ሲባዛ አርቢዎቹን ደምር።» ይቺን አባባል የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም። ሕጉ ትክክል ነው። ቅሬታዬ አባባሏ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ትታ «ደምር» የሚለውን ቃል ብቻ ጭንቅላታችን ውስጥ ታስቀራለች። ፈተና ላይ ሀ³ + ሀ³ ሲመጣ ብዙዎቻችን ሀ⁶ ብለን እናልፋለን። እኔም ብያለሁ።

ስህተቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኢሉባቦር ዝናብ አይነፍገውም፤ እንግዲህ መቱ ወይም ጎሬ ላይ የጣራ ውሃ ልታጠራቅሙ ነው እንበል። ጎናቸው ሁሉ 2 ሜትር የሆነ ሁለት ታንከሮች አሏችሁ። አንዱ 2³ = 8 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ሁለቱ 16፣ ማለትም 16,000 ሊትር። ሀ⁶ ያለው ሰው ግን 64,000 ሊትር አለኝ ብሎ ያቅዳል። በጋ ላይ ታንከሩ ራሱ ያርመዋል! ትክክለኛው መልስ 2ሀ³ ነው።

አርቢ የሚነግረን ስንት ሀዎች እንደተባዙ ነው። ሀ² × ሀ³ ማለት (ሀ × ሀ) × (ሀ × ሀ × ሀ) ነው፤ ቁጠሯቸው፣ አምስት ናቸው። «ደምር» የተባለው ይሄው ቆጠራ ነው። ስንደምር ግን አርቢው አይነካም፦ 3ሀ² + 2ሀ² = 5ሀ²። ስናባዛ 3ሀ² × 2ሀ² = 6ሀ⁴።

«ሀ² እና ሀ³ ሙዝና ብርቱካን ናቸው፣ አይደመሩም» የሚለው ማብራሪያም አያረካኝም። የመቱ ቡና ገበያ የተሻለ ምሳሌ አለው። 3 ኩንታልና 2 ፈረሱላን «አምስት» የሚል ነጋዴ የለም። ግን ኩንታል 100፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ «334 ኪሎ» ይላችኋል። ሀ² + ሀ³ም እንዲሁ ነው፤ ሀ 2 ከሆነ 4 + 8 = 12። ይደመራሉ፤ የሀ ዋጋ እስኪታወቅ ግን በአንድ ስም አይጠሩም።

ይሄ ለምን ያሳስበኛል? በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ማብራሪያው ሲያመልጠው በእጁ የሚቀረው አጭር አባባል ነው። እሷም ከጎደለች በምን ይራመድ?

ስትጠራጠሩ በሀ ቦታ 3 አስገቡ። 2 አንዳንዴ ያታልላል፤ 2 + 2 እና 2 × 2 እኩል ናቸውና። ደግሞ አንድ ቁጥር ስህተትን ያጋልጣል እንጂ ሕግን አያረጋግጥም። ለማረጋገጥ ሀዎቹን ዘርዝራችሁ ቁጠሩ።