በሚያዝያ የተለካ ጉድጓድ

አዲሱ ረዳቴ ሰሞኑን፣ «ጋሼ፣ ሽንት ቤት ቶሎ እንዳይሞላ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልሳቅሁም ብል ውሸት ነው። አመድ የሚደፋ አለ፣ ጨው የሚበትን አለ፣ ነጭ ጋዝ የሚያፈስም አለ። ጋዙማ ጭራሽ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይፈጃል። እኔ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሽንፋ በመድኃኒት የጎደለ ጉድጓድ አላየሁም።

ጣጣው ያለው ከጉድጓዱ ዙሪያ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ዝቃጩን አስቀርቶ ፈሳሹን ወደ ማስረጊያው ያሳልፋል፤ ሥራውን የሚጨርሰው አፈሩ ነው። የእኛ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፤ ከድንበር ማዶ ያለው የገዳሪፍ ሜዳም ያው ነው። በሚያዝያ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ዋልካ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ አንድ በርሜል ውሃ ብትደፋበት ጭልጥ ያደርገዋል። ክረምት ሲገባ ያው አፈር አብጦ ስንጥቁን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የደፋህበትን እንደ ጋን አቁሮ ይጠብቅሃል።

ስለዚህ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሁሌም የምጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው፤ አፈርን በነሐሴ ለካ! አንድ ክንድ ማስ፣ ውሃ ሙላ፣ እንጨት ተክለህ የውሃውን ልክ ምልክት አድርግ፣ እደር። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ካላለ ያ ቦታ ማስረጊያ አይሆንም። ውሃ የማይበዛበትን፣ ከመሬት ከፍ ያለ መንታ ጉድጓድ ሥራ፤ አንዱ ሲሞላ ዘግተህ ከዓመት በላይ አቆየውና በሌላው ተጠቀም። አንድ ወዳጄ ግን «ስድስት ሜትር ውረድ፣ ይበቃል» ባይ ነው። ዋልካ ውስጥ ጠልቆ መውረድ የሚያቀርበው ለጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጋይንት ለሰሊጥ አረም ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት የቀን ሠራተኛ፣ ሆኜ ወርጄ እዚሁ ቀረሁ። የመጀመሪያውን ጉድጓዴን የቆፈርኩት በሚያዝያ ነበር። ባለአራት ማዕዘን ነው፤ ድንጋዩን አፈሩ ላይ አስጠግቼ ካብኩት። ባለቤቱ ደስ ብሎት አረቄ ጋበዘኝ። በሐምሌ ሲያስጠራኝ ካቡ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል፣ የወለሉ ሲሚንቶ አዘንብሏል፣ በሩ አልከፈት ብሏል። ሰውዬው አልተቆጣም። «አንተ ደገኛ ነህ፤ ዋልካን በምን ታውቀዋለህ?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእጄን ዋጋ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ካቤ ክብ ነው፤ በካቡና በአፈሩ መካከል አንድ ስንዝር የወንዝ አሸዋ እሞላለሁ። አፈሩ ሲያብጥ አሸዋውን ይገፋል፣ ካቡን ይተዋል።

ሰው ሥራዬን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «ሽንት ቤት ቆፋሪው» ይለኛል። ይበለኝ። በሰሊጥ ማሳ በከረምኩባቸው ዓመታት ቆላን እንግዳ ሆኜ ነው ያየሁት። አገሬ የሆነው ከውስጡ ገብቼ አፈሩ በበጋና በክረምት የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ረዳቴን ለነሐሴ ቀጥሬዋለሁ። መድኃኒት የሚጠይቀኝም ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ እንጨት ይዞ ይምጣ።