የተሸካሚው ውበት፦ ከቁርጥራጭ ስለሚሠሩ የቶርኖ እግሮች

የቤት ዕቃን የሚተች ሰው ዓይኑን ከላይ ወደ ታች ያወርዳል፤ እግሩ ዘንድ ሲደርስም ብዙውን ጊዜ ደክሞታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝና በሆላንድ የተሠሩት ባለመሳቢያ ሣጥኖች ግን ትችቱ ከታች እንዲጀምር ያስገድዳሉ። ከሥራቸው እንደ ድቡልቡል ዳቦ የተቀመጡት አጫጭር እግሮች ከአንድ ወፍራም እንጨት በቶርኖ የወጡ ሲሆኑ፣ ቀጠን ያለው አናታቸው በሣጥኑ ወለል ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። ቃጫው ከላይ ወደ ታች የወረደ እንደሆነ እግሩ ሸክሙን እንደ ምሰሶ ይቀበላል። ችግሩ ወፍራም እንጨት እስከ ልቡ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ መፍጀቱና ሲደርቅም መሰንጠቁ ነው።

ለዚህ ችግር መልስ ሆኖ የቀረበው፣ እግሩን ከትናንሽ ቁርጥራጮች አጣብቆ በቶርኖ የመቅረጽ ስልት ነው። 12 ቁርጥራጮች አንድ ቀለበት እንዲሆኑ እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ በ15 ዲግሪ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ስሕተት ይቅርታ የለውም፤ በየቆረጣው አንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ብትጎድል፣ በ24ቱ ቆረጣዎች ተጠራቅማ የ2.4 ዲግሪ ክፍተት ትሆናለች። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ቀለበቱን በሁለት ግማሽ አጣብቆ፣ ኮላው ከደረቀ በኋላ የግማሾቹን ፊት አስተካክሎ ይገጥማል። ቀለበት በቀለበት ላይ ሲደረደርም፣ እንደ ግንበኛ ጡብ፣ የታችኛው መጋጠሚያ በላይኛው ቁራጭ ወገብ ሥር ይውላል።

ይህ ስልት የተወደደው በጎድጓዳ ሳሕንና በአበባ ማስቀመጫ ሥራ ነው። የአበባ ማስቀመጫ ግን ከራሱ በቀር ብዙም የሚሸከመው የለም፤ እግር ሣጥን ይሸከማል። በቀለበቱ ውስጥ ቃጫው ክቡን ተከትሎ ስለሚተኛ፣ ሸክሙ የሚያርፈው በእንጨቱ ጎን ላይ ነው፤ እንጨትም በጎኑ ሲጫኑት በቁመቱ ከሚችለው ጥቂቱን ብቻ ይችላል። ለትንሽ ሣጥን ይህ ላይከብድ ይችላል። በቀጭን ቁርጭምጭሚት ላይ ለሚቆም ቁም ሣጥን ግን ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ጥቁርና ነጭ እንጨት እያፈራረቁ እግሩን እንደ ዳማ ገበታ የሚያሸበርቁ ሠራተኞች ይህን የዘነጉ ይመስላል፤ ሣጥኑ የእግሮቹ ማሳያ ሆኖ ቀርቷል፣ ቅርጹም ይዘቱን ጥሎ ሄዷል። (የጅማ በርጩማ ጠራቢ ከአንድ ግንድ እየቀነሰ ሦስቱንም እግር ሲያወጣ የሚደብቅበት መጋጠሚያ የለውም፤ ደማሪው ግን ብዙ መደበቂያ አለው።)

የተሻሉት ሥራዎች የሚታወቁት በመካከላቸው ባለው ምሰሶ ነው። ሠሪው ቃጫው ቀጥ ያለ እንጨት አቁሞ ቀለበቶቹን ያለብሰዋል፤ በእርጥብ ወራት እንጨቱ ወደ ጎን ሲያብጥ ቀለበቱን እንዳይፈነቅል ጥቂት ክፍተት ይተውለታል። ያኔ ሸክሙ የምሰሶው፣ መልኩም የቀለበቱ ይሆናል። ከዚህ ዓይነት እግሮች ውስጥ እጅግ የሚያረኩት በአንድ ዓይነት እንጨት የተሠሩት ናቸው፤ መጋጠሚያቸው የሚታየው ዕቃው ዘንድ ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ ነውና። ምሰሶው መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ሣጥኑን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ካለ፣ ከእግሩ ሥር የዛፉ የዕድሜ ክቦች ይታያሉ።