የሚናገር መሣሪያና የማይጠይቅ ተማሪ

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሀገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራጨው፣ «ፕላዝማ» በሚል ስም የታወቀው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ብዙ ሂስ እንደ ደረሰበት አንባቢ ያስታውሳል። የእንግሊዝኛው ፍጥነት፣ የመብራቱ መቋረጥ፣ የመምህሩ ገሸሽ መደረግ ተደጋግሞ ተነግሯል። ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉ ከብዶ የሚታየው ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ይናገራል እንጂ አይሰማም ነበር። ጥያቄ ያቀርባል፣ ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እጁን ያወጣውን ልጅ የሚያይለት አልነበረም።

ኮምፒዩተሩና የእጅ ስልኩ ከገቡ ወዲህስ ይህ ልማድ ተለውጧልን? ግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊው ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት በኢንተርኔት ተሠራጭቶ ፈተናው እንዲተላለፍ ግድ ሆነ። በሐምሌ ፈተናው ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ። ስልክ ለሌለው የገጠር ተማሪ ከማሰብ አንጻር ርምጃው ምክንያት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ወሬ እንዴት እንደሚሠራጭ፣ እውነቱ በምን እንደሚጣራ፣ መዝጋት የሚፈቀደው ማን ሲያዝ እንደሆነ በክፍል ውስጥ ለማስተማር ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ ከቶ አይገኝም ነበር።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስልት በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። ዜጋው ከመንግሥቱ ጋር የሚገናኘው ከቀን ወደ ቀን በመዝገብና በመረብ በኩል እየሆነ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ክፍሎችን ስም ያጠና፣ ደብዳቤ መተየብ የቻለ ተማሪ ተዘጋጅቷል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። መዝገቡን ማን ይይዘዋል? ስሕተት ቢገኝበት ለማን ይመለከታሉ? ይህንን መጠየቅ ካልለመደ፣ ፕላዝማው በኪሱ ገባለት እንጂ ሌላ ነገር አልተገኘም።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። የምርጫ ሕጋችን የየጣቢያው ቆጠራ ውጤት እዚያው በይፋ እንዲለጠፍ ያዛል፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላም ተለጥፎ ታይቷል። ተማሪዎች በየሠፈራቸው የተለጠፈውን ገልብጠው፣ በኤክሴል ሠንጠረዥ አስገብተው ቢደምሩና ለምርጫ ክልሉ ከተነገረው ድምር ጋር ቢያስተያዩ፣ ሠንጠረዡንም ዜግነቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማራሉ። ኮምፒዩተር በሌለበት ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

መምህሩ ይህን በራሱ ሥልጣን ቢሞክር ግን ወገን ለይቷል መባልን ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። መልመጃው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ሊሰጠው የሚገባውም ለዚሁ ነው።