የማእከላዊ መንግሥት ፖለቲካና የግዛቶች ምርጫ

በአንድ ግዛት የሚደረግ ምርጫ የግዛቱን ሹማምንት ለመመዘን ነው ወይስ አገሩን በሙሉ በሚመራው መንግሥት ላይ ለመፍረድ? ካርልሃይንዝ ራይፍና ኸርማን ሽሚት በ1980 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጥናቱ የተነሣው በ1979 ከተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ቢሆንም ሐሳቡ ለግዛቶች ምርጫም ይሠራል ተብሏል። እንደ ጸሐፊዎቹ አስተያየት እንዲህ ያሉት ምርጫዎች «ሁለተኛ ደረጃ» ናቸው። የሚያስገኙት ሥልጣን አነስተኛ ስለሚመስለው ብዙ መራጭ ከቤቱ ይቀራል፤ የወጣውም በማእከላዊው መንግሥት ላይ ያለውን ቅሬታ ይወጣበታል፤ ትንንሽ ፓርቲዎችም ይጠቀማሉ። ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው።

እኛም ይህን ሐሳብ በጀርመን ግዛቶች ምርጫ ልንመረምረው ወደድን።

ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ አይጠፋም። ሶሻል ዴሞክራቶች በኖርድራይን ቬስትፋለን ግዛት 39 ዓመት ከገዙ በኋላ ግንቦት 22 ቀን 2005 ተሸነፉ። በዚያን ጊዜ በመላው አገር ያስጨነቀው የሥራ አጥነትና የመራሔ መንግሥት ገርሀርድ ሽሬደር የሥራ ገበያ ማሻሻያ ነበር። ሽሬደርም ፍርዱ ለእርሳቸው መሆኑን ተረድተው በዚያው ምሽት የአገሩ ምርጫ ቀደም ብሎ እንዲደረግ ጠየቁ።

ይሁን እንጂ ሐሳቡን በሁለት ነገር እንነቅፈዋለን።

አንደኛ፥ የግዛት ምርጫ የሚያስገኘው ሥልጣን አነስተኛ ነው ማለት ለጀርመን አይስማማም። የግዛቶች መንግሥታት ቡንደስራት በተባለው ምክር ቤት ተወክለው በአገሩ ሕግ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። በየካቲት 1999 በሄሰን ግዛት ክርስቲያን ዴሞክራቶች የማእከላዊው መንግሥት ባሰበው የጥምር ዜግነት ሕግ ላይ የተቃውሞ ፊርማ አሰባስበው ምርጫውን አሸነፉ። መንግሥቱ በቡንደስራት የነበረውን የድምፅ ብልጫ ስላጣ የዜግነቱን ረቂቅ አለዝቦ ማውጣት ግድ ሆነበት። እንግዲህ ዳውላው ከአህያው ጋር የተጠፈረ ነው፤ ዳውላውን የመታ አህያውንም አግኝቷል። በዚያውም ላይ በሄሰን የዋናው ገዥ ፓርቲ የሶሻል ዴሞክራቶች ድምፅ ከ38.0 ወደ 39.4 በመቶ ከፍ ሲል፥ ከ11.2 ወደ 7.2 በመቶ የወረዱት አጋሮቻቸው አረንጓዴዎች ናቸው። ትንሹ ፓርቲ ይጠቀማል የሚለው ደንብ እዚህ ላይ አልሠራም።

ሁለተኛ፥ ሐሳቡ መራጩ ለገዛ ግዛቱ መሪ የሚሰጠውን ግምት አሳንሶ ያያል። በባደን ቩርተምበርግ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከ1953 ጀምሮ መርተው ነበር። በጃፓን የፉኩሺማ አደጋ ከደረሰ ከ16 ቀን በኋላ፥ መጋቢት 27 ቀን 2011፥ አረንጓዴዎች 24.2 በመቶ አግኝተው ቪንፍሪድ ክሬችማን የግዛቱ ርእሰ መንግሥት ለመሆን በቁ። ይህ የወቅት ነፋስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ሲያልፍ ድምፁም አብሮ ባለፈ ነበር። ነገር ግን በመጋቢት 2016 ወደ 30.3 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ግዛት በመስከረም 2017 ለአገሩ ፓርላማ በተደረገው ምርጫ ግን አረንጓዴዎች ያገኙት 13.5 በመቶ ብቻ ነው። በ18 ወር ውስጥ ያው ሕዝብ ለያንዳንዱ ሥልጣን የተለየ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ራይፍና ሽሚት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በትክክል አሳይተዋል፤ ሥር ያለው ዛፍ ነፋሱን እንደሚቋቋም ግን በቂ ቦታ አልሰጡትም። ስለዚህ የግዛት ምርጫን የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ምርጫው ምን ሥልጣን እንደሚያስገኝና መራጩ የግዛቱን መሪ በሥራው ያውቀው እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ደኅና የሠራ አስተዳዳሪ በሌላው ጥፋት ከተሻረ፥ ሰነፉም በሌላው ዝና ከተሾመ፥ ምርጫ የሥራ መመዘኛነቱን ያጣል፤ በግዛቱም ውስጥ ተግቶ መሥራት ትርፉ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም።