ችሎቱ ተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ

አንድን የቴሌቪዥን ፊልም ለመገምገም ሲነሡ ስለ ቀረጻው፣ ስለ ድምፁና ስለ አቀራረቡ ማውራት የተለመደ ነው። «ጂሃዳዊ ሐረካት» ግን በዚህ ሚዛን ብቻ የሚለካ ፊልም አይደለም። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ማክሰኞ ምሽት በያኔው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ፊልሙ የሚወነጅላቸው ሰዎች ጉዳይ ገና በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዳይተላለፍ አግዶት ሳለም ተላለፈ። ስለዚህ የምንሂሰው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትን የዳኝነት ወንበር ጭምር ነው።

ነገሩን በዕድሜያቸው ምክንያት ለማያስታውሱ ልጆቻችን በአጭሩ እናንሣው። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሙ ኅብረተሰብ የመጅሊሱንና የአወሊያን ጉዳይ ይዞ መንግሥት በሃይማኖቱ ጣልቃ እንዳይገባ ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን የሚያቀርቡለት ሰዎች መረጠ። የኮሚቴው አባላት በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. 29 ሰዎች በፀረ ሽብር ዐዋጁ ተከሰሱ። በጥር ደግሞ ምስክሮች በዝግ ችሎት እንዲሰሙ ተደረገ፤ እናት፣ ሚስት፣ ጋዜጠኛና ዲፕሎማት ሁሉም ከበር መልስ ሆኑ። ፊልሙ የመጣው በዚያው ወር ነው። ሕዝቡ ከችሎት ተከልክሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠራ።

ፊልሙ ምን አሳየ? በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹ ተከሳሾች ሲናገሩ፣ ንግግራቸው ተቆራርጦ በተራኪው ድምፅ ሲታሰር፣ በመካከሉም የቦኮ ሐራምና የአልሸባብ ስም ሲገባ አየን። በሙያው ዐይን ካየነው የተዋጣለት የማስፈራራት ሥራ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ሰው የለም፤ ጠበቃ። ተናጋሪው ይህን ቃል የሰጠው መቼ ነው? ፊት ለፊቱ ማን ነበር? ከመቁረጡ በፊትና በኋላ ምን ብሎ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ የለም። በችሎት ቢሆን ይህ ሁሉ በመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣል። ቴሌቪዥን መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። በዚያ ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን «አያችሁት?» ብላ ስትጠይቅ ትዝ ይለኛል፤ «ምን መለሱ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልገጠመኝም።

ይህ ነገር በእኛ አገር አልተጀመረም። ከኛ በፊት ሌላ አገር አይቶት ስለ ፈረደበት የዚያን አገር ጉዳይ ላንሣ። በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ ሌክ ቻርልስ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ዊልበርት ሪዶ የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት ባንክ ዘርፎ የባንክ ሠራተኛ በመግደል ተያዘ። በማግሥቱ በእስር ቤቱ ውስጥ የአካባቢው የፖሊስ ሹም ሲጠይቀው፣ እርሱም ሲያምን 20 ደቂቃ ያህል ተቀረጸ። አጠገቡ ጠበቃ አልነበረም። ፊልሙ በከተማይቱ ቴሌቪዥን ሦስት ቀን ተላለፈ። 150,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርበት አውራጃ በመጀመሪያው ቀን 24,000፣ በሁለተኛው 53,000፣ በሦስተኛው 20,000 ያህል ሰው እንዳየው ተገመተ።

በዚያ አገር የወንጀል ክስ የሚፈረደው በጁሪ ነው፤ ይኸውም ከተራው ሕዝብ መካከል ተመርጠው፣ ማስረጃውን በግልጽ ችሎት ሰምተው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚሉ 12 ሰዎች ናቸው። በሪዶ ጉዳይ ከተመረጡት 12 ሰዎች ሦስቱ ፊልሙን አይተውት ነበር። ጠበቆቹ ነገሩ ፊልሙ ወዳልደረሰበት ቦታ ይዛወርልን ቢሉ እምቢ ተባሉ፤ ሞት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የሻረበት ምክንያት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እውነተኛው ችሎት ያ በቴሌቪዥን የታየው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በፍርድ ቤት የተደረገው ባዶ ሥርዐት ብቻ ነው የሚል ነበር። ሰውየው ገድሏል፤ ይህን ፍርድ ቤቱም ያውቅ ነበር። ቢሆንም ፍርድን የሚሰጠው ችሎት እንጂ ስቱዲዮ አይደለም አለ።

ጁሪን አወድሼ ብቻ አላልፍም። ያው ሪዶ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ነጭ ወንዶች ብቻ በተቀመጡበት ጁሪ ሞት ተፈረደበት። ነጭም ጥቁርም የተቀላቀለበት ጁሪ የቀረበለት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያም ጁሪ ጥፋቱን ከግድያ ዝቅ ባለ ወንጀል ፈረጀውና ከ44 ዓመት እስር በኋላ ተፈታ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ ካልተጠበቀ የ12 ሰው ፍርድም የአንድ ሰው ፍርድ ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ጁሪ የላትም። ነገር ግን የቀድሞው ሙግታችን በዛፍ ሥርና በአደባባይ ነበር፤ በሸንጎ የተቀመጡትም ከታናሽ ጀምረው ፍርዳቸውን ይናገሩና ታላቁ ዳኛ በመጨረሻ ይናገር ነበር። ታላቁ ከቀደመ ታናሹ ሐሳቡን ይውጣልና ነው። እንግዲህ ከሁሉም በላይ የሆነው የመንግሥት ቴሌቪዥን ዳኛው ሳይናገር ቀድሞ ሲፈርድ፣ ከሥሩ ያለው ዳኛ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ለተከሳሽ ግልጽ ችሎትንና እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ መቆጠርን ይሰጣል። ለተከራካሪዎች የግል ሕይወት፣ ለሕዝብ ሞራልና ለአገር ደኅንነት ሲባል ችሎት ሊዘጋ እንደሚችልም ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ አግባብ አለው። የተደፈረች ልጅ በሕዝብ ፊት ቃሏን ስጪ አትባልም፤ ለሕይወቱ የሚፈራ ምስክርም መጠበቅ አለበት። ይሁን እንጂ ለምስክሩ ሲባል በር የሚዘጋ መንግሥት ለተከሳሹ ሲባል ካሜራውን ለምን አልዘጋም? መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ ይህ ነው።

በዲናችን ነገሩ ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊን (ረ.ዐ.) ለፍርድ ወደ የመን ሲልኩት የሁለተኛውን ባለጉዳይ ቃል እንደ መጀመሪያው ሳይሰማ እንዳይፈርድ እንዳስተማሩት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በሱረቱ ሷድ ደግሞ የነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ነገር አለ። ሁለት ባለጉዳዮች አጥር ዘለው ገቡባቸው፤ አንደኛው 99 በጎች ያሉት ወንድሙ የእርሱን አንዲቷን በግ እንደ ጠየቀበት ተናገረ። ዳውድም ወዲያው በደለህ አሉት፤ ቀጥሎም እንደ ተፈተኑ ዐውቀው ለጌታቸው ተደፉ። ፈተናቸው ሁለተኛውን ሳይሰሙ መፍረዳቸው ነው ያሉ ሙፈሲሮች አሉ። ነቢይ የተጸጸተበትን ነገር እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ ቡና እየጠጣን አደረግነው።

«እኛ» ማለቴ ፊልሙን ያመኑትን ብቻ አይደለም። እኛም ከዚያ በፊት በስንት የዝግ ችሎት ደጅ በዝምታ አልፈናል! የታሰረው ጋዜጠኛ ሲሆን፣ የታሰረው ከሌላ ብሔር ወይም ከሌላ ሃይማኖት ሲሆን፣ «ያለ ምክንያት አይታሰርም» ያልን ብዙ ነን። ሱረቱ ኒሳእ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ሲያዝ፣ የሚቆምለትን ሰው እንድንመርጥ አላዘዘንም። የራሳችን ወንድሞች በር ሲዘጋባቸው ነው የበሩን ዋጋ ያወቅነው።

ሰኔ 29 ቀን 2007 ዓ.ም. 18ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፤ በሐምሌም ከ7 እስከ 22 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በኋላ በተለያየ ጊዜ ከእስር ወጥተዋል። ዐዋጁም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ነገር ግን ስለዚያ ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ የዛሬ ወጣት ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ፊልሙን ነው። በር ተዘግቶ የተሰማው የምስክሮች ቃል፣ ተከሳሾቹና ጠበቆቻቸው ለዚያ ቃል የሰጡት መልስ፣ እነዚህን የሚፈልግበት ቦታ የለውም።